ሙሉጌጥ ስለ ምሥራቁ ግድግዳ ያልተናገረችው

ሙሉጌጥ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራችበት የመድኃኒት ፋብሪካ ከላምበረት ወደ ካራ ሲወጣ፣ የየካ ተራራ ተዳፋት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። አንድ ማምረቻ፣ አንድ ማሸጊያና አንድ ቢሮ አለው፤ ከኋላ ደግሞ ባሕር ዛፉ ጥግ ብቻውን የቆመ የኬሚካል ስቶር አለ። እኔ ማሸጊያ ክፍል ነኝ። ከእሷ ጋር ከሲግናል በአንድ ሰርቪስ እየተሳፈርን ስምንት ዓመት ተመላልሰናል። የዚህን ታሪክ ግማሹን በዐይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሷ ነግራኛለች። ስትነግረኝ ለራሷ አላደላችም።

ወደ ፋብሪካው የገባችው ጠርሙስ አጣቢ ሆና ነው። ያኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ አንዴ አግብታ በሁለተኛው ዓመት የተፋታች፣ ልጅ ያልወለደች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። ወደ ስቶር ያመጧት ኬሚስቱ ጋሼ ከበበ ናቸው። አንድ ቀን አጣቢዎቹ ኮስቲክ ሶዳ ላይ ውኃ ሊገለብጡ ሲሉ ሙሉጌጥ የአንዷን እጅ ይዛ፣ መጀመሪያ ውኃው እንዲቀዳና ሶዳው በላዩ ጥቂት በጥቂት እንዲጨመር ስትነግራቸው በመስኮት ሰሟት። ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። ማንም አላስተማራትም፤ ባለፈው ሳምንት ፈልቶ ሲፈናጠር አይታ ነበር። በወሩ ስቶር ውስጥ ረዳታቸው አደረጓት።

ጋሼ ከበበ ያስተማሯት በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅና በዐይን ነው። በርሜል ክዳኑ ላይ ሲያብጥ ምን ማለት እንደሆነ አሳይተዋታል። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ምንም ነገር መክፈት እንደማይገባ፣ ምንነቱን ለማወቅ ተብሎ ምንም ነገር እንደማይሸተት፣ የትኛው ከየትኛው ጎን መቆም እንደሌለበት ነግረዋታል። የእንግሊዝኛውን ስም ገና ማንበብ ሳትችል ምልክቶቹን በመልካቸው ለየቻቸው። በኋላ በማታ ትምህርት አሥረኛን ጨረሰች፤ በንብረት አያያዝም ደረጃ ሦስት ያዘች። አባቷ የሞቱት ገና ሕፃን ሳለች ስለነበር፣ እኚህ ብዙ የማይናገሩ ሰው በልቧ የአባትን ቦታ ይዘው ነበር። እሳቸው ይህን ማወቃቸውን እንጃ።

ጋሼ ከበበ ጡረታ የሚወጡበት ዓመት ሲደርስ ቦታው የእሷ እንደሚሆን አላጠራጠራትም። ማንም ቃል አልገባላትም። ነገር ግን ስቶሩን ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አዲስ ነጭ ጋዋን አሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ሰቀለችው።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ሰርፀ መኪና አንዲት ወጣት ወረደች። ፌበን ትባላለች። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች፣ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት። አቶ ሰርፀ ሠራተኛውን ሰብስበው የስቶርና የደህንነት ኃላፊ እሷ መሆኗን ነገሩን። ፌበን ወደ ሙሉጌጥ መጥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

«ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ፣ እትዬ ሙሉጌጥ» አለቻት።

ሙሉጌጥ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው «እርስዎ» የሚለውን ቃል ነው። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እርስዎ ብሏት አያውቅም። አክብሮት መሆኑ ገብቷታል። ሆኖም ልጅቷ በአንዲት ቃል አሮጊት አድርጋ ጥግ ያስቀመጠቻት መሰላት።

ፌበን ሰነፍ ወይም ትዕቢተኛ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ቅናቷን ያከበደው ልጅቷ ጎበዝ መሆኗ ነው። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ለዓመታት ጎን ለጎን የኖሩ ሁለት ኬሚካሎችን አለያየች፤ ትክክል ነበረች። ድፍን ፊት የሚሸፍን ማስክ ከነማጣሪያው አስገዛች። ጋሼ ከበበ ስድስት ዓመት ጠይቀው ያላገኙትን የአደጋ ጊዜ ሻወር በአንድ ወር ውስጥ ከስቶሩ በር አጠገብ አስተከለች። ሙሉጌጥ ሻወሩ ሲተከል ቆማ አየች፤ መደሰት እንደሚገባት እያወቀች ውስጧ ነደደ። «ለእሳቸው የከለከሉትን ለእሷ ሰጧት» አለችኝ ያን ዕለት ሰርቪስ ላይ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ከሁሉ የባሰው ግን ረቡዕ ነው። ጋሼ ከበበ ጡረታ ከወጡ በኋላ አቶ ሰርፀ በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ፌበንን እንዲያማክሩ አድርገው ነበር። ሁለቱ በመስታወት በተከለለችው ቢሮ ተቀምጠው ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይገልጣሉ፣ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፣ ይከራከራሉ። ጋሼ ከበበ ይስቃሉ። ሙሉጌጥ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ያየቻቸው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። አንድ ረቡዕ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ገባች። ሁለቱም ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ ፌበን ፈረመች፤ ጋሼ ከበበም «በሩን ዝጊልን፣ ሙሉጌጥ» አሏት። በሩን ዘጋችው። ወደ ስቶር ተመልሳ የአሲድ ጠርሙሶች መደርደሪያ ጀርባ ቆማ አለቀሰች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔ የነገረችኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

በሚያዝያ ፋብሪካው አዲስ ሥራ ጀመረ። የጥርስ ሐኪሞች ድድ የሚያደነዝዙበትን መድኃኒት ከውጭ ዱቄቱን ገዝቶ ከመበጥበጥ ይልቅ ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ለዚህ መካከለኛ ኬሚካል ያስፈልጋል። መካከለኛ የሚባለው መድኃኒት ያልሆነ፣ ከሌላ ጋር ተዋህዶ መድኃኒት ለመሆን ገና መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ስሙ ክሎሮአሴቲል ክሎራይድ ነው። ምላስ ስለሚያስር ጫኝ አውራጆቹ በመጣ በሳምንቱ «አስለቃሹ» አሉት፤ ክዳኑ ጥቂት እንኳ ቢላላ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዐይኑ ያነባል። ሲያዩት ውኃ ይመስላል፤ የውኃ ጠላት ግን ነው። ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ነጭ የአሲድ ጭስ ይተፋል። ቆዳ ላይ ቢፈስ ያቃጥላል፤ በቆዳም አልፎ ወደ ሰውነት ይገባል።

ፌበን ጀሪካኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ሁላችንንም ሰብስባ አስተማረችን። ሙሉጌጥ በልምዷ መሠረት ስስ የሐኪም ጓንት አጥልቃ ነበር። ፌበን እጇን በዝግታ ያዘችና ይህ ጓንት ለዚህ ኬሚካል እንደ ወረቀት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል ብላ ወፍራሙን ጥቁር ጓንት ሰጠቻት። ክፋት አልነበረበትም። ግን ይህ የሆነው በሠላሳ ሰው ፊት ነው፤ ከሠላሳው አንዱ ደግሞ ሬድዋን ነበር።

ሬድዋን የጫኝ አውራጆቹ አለቃ ነው። ስልጤ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ የሚኖር፣ በትርፍ ሰዓቱ የወንድሙ ሱቅ ውስጥ የሚያግዝ። ሙሉጌጥ ስቶር ከገባችበት ዓመት ጀምሮ አብረው ሠርተዋል። ጡንቻው ጠንካራ፣ ሥራ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። ያን ቀን ሲወጡ «አትዘኚ እትዬ፣ እኔም የማደርገው ያንኑ ጓንት ነው» ሲላት ይባስ አሳፈራት።

ጀሪካኖቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ፌበን በጥንቃቄ መረጠች። ከመሟሟቻዎቹ የራቀ፣ ከውኃ ቧንቧ የራቀ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ መሆን ነበረበት። በግንቦት ፀሐይ ምሥራቁ ጥግ ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር። ወለሉ ብስኩት ይመስል ደርቋል።

ሙሉጌጥ ግን ስለዚያ ጥግ የምታውቀው ነገር ነበር። የምሥራቁ ግድግዳ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ የቆመ ነው። በየዓመቱ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሦስት አራት ቀን ሳያባራ የጣለ እንደሆነ ግን ከተራራው የሚወርደው ውኃ በመሬት ውስጥ ሰርጎ በግድግዳው ሥር ይገባል። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ጋሼ ከበበም አይተውታል፤ እዚያ ጥግ ባዶ ካርቶን እንጂ ሌላ ነገር አስቀምጠው አያውቁም። ካርቶን ቢረጥብ ይጣላልና ለማንም ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም።

ፌበን ጥጉን በኖራ አሰመረችና ወደ ሙሉጌጥ ዞረች።

«እርስዎ ይህን ቤት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ጥግ ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ?»

ሙሉጌጥ ያን ቅጽበት ደጋግማ ነግራኛለች። አፏ ተከፍቶ ነበር። «ውኃ ያስገባል» የሚሉት ሁለት ቃላት ምላሷ ላይ ነበሩ። በዚያው ሰዓት የተዘጋው የመስታወት በር ትዝ አላት።

«አንቺ ነሽ የተማርሽው» አለቻት።

ፌበን ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ አንገቷን ነቀነቀችና አሥራ ሁለቱ ሰማያዊ ጀሪካኖች ከወለሉ ጥቂት ከፍ በሚል የእንጨት ፓሌት ላይ እንዲቀመጡ አዘዘች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለሙሉጌጥ የሰላም አልነበሩም። በየማለዳው ከሰርቪስ ስትወርድ ቀጥታ ወደ ስቶር ሄዳ የምሥራቁን ግድግዳ በመዳፏ ትዳብሳለች። ደረቅ ሲሆን እፎይ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ቅር ይላታል። ውኃው መጥቶ ልጅቷን እንዲያዋርድላት ትመኛለች፤ እንዳይመጣም ትጸልያለች። አብዛኛውን ጊዜ የምታስበው ግን ሌላ ነው። ውኃው ጥቂት ብቅ ሲል መጀመሪያ የምታየው እሷ ትሆናለች። አቶ ሰርፀን ጠርታ ታሳያቸዋለች። ጀሪካኖቹ በጊዜ ይነሣሉ፣ ማንም አይጎዳም፣ ዲግሪ የሌላት ሴት ቤቱን እንዳዳነች ይታወቃል። ጋሼ ከበበም ይሰማሉ። በሐምሌ ሁለት ጊዜ ለፌበን ልትነግራት ወስና ቢሮዋ በር ድረስ ሄዳለች። የመጀመሪያው ቀን ፌበን በስልክ «ጋሽዬ» እያለች ትስቅ ነበር። ሙሉጌጥ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ለምን እንደተመለሰች እንኳ አታስታውስም።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ዝናቡ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ አላቋረጠም። ማክሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ከላምበረት በላይ በጎርፍ ዘገየ። ስንደርስ ሙሉጌጥ ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ ወደ ስቶር ሮጠች። በሩን ስትከፍት ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር የወጣው ውኃ ግማሹን ወለል ሸፍኖት ነበር። ሁለት ጣት ያህል ነው። ጀሪካኖቹ ፓሌቱ ላይ ናቸው፣ ውኃው አልነካቸውም፣ ክዳናቸውም ጥብቅ ነው። በዚያች ሰዓት ምንም አደጋ አልደረሰም። መሆን የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ በሩን ቆልፎ ፌበንን መጥራት። ፌበን ከሰርቪሱ አብራን ወርዳ ማምረቻው ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ሙሉጌጥ አይታታለች። አልፋት ወደ አቶ ሰርፀ ቢሮ ሄደች።

አቶ ሰርፀ ስልክ ላይ ነበሩ። በእጃቸው ቆይ አሏት። ቆየች። አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ሙሉጌጥ በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ የምትናገረውን ቃል በልቧ እያስተካከለች ነበር፤ በጥድፊያዋ የስቶሩን በር ገርበብ አድርጋ እንደመጣች ግን ልብ አላለችም።

ሬድዋን በበሩ ክፍተት ውኃውን አየ። ጀሪካኖቹ እንዳይነኩ ብሎ አሰበ፤ ለሙሉጌጥ ያሰበላትም መስሎታል፣ ስቶሩ የእሷ ነውና። በስስ ጓንት፣ ያለ ማስክ ገባ። የመጀመሪያውን ጀሪካን አውጥቶ ደረቅ ቦታ አስቀመጠ። ሁለተኛውን ይዞ ሲመለስ እርጥቡ ወለል ላይ እግሩ ተንሸራተተ። ጀሪካኑ የበሩን ደፍ መታ፤ ክዳኑ ተሰነጠቀ። ፈሳሹ ክንዱና ጭኑ ላይ ተረጨ፤ የቀረው ወለሉ ላይ ወዳለው ውኃ ገባ።

እኛ ማሸጊያ ውስጥ ሆነን የሰማነው እንደ ዘይት የሚንቸሰቸስ ድምፅ ነው። ስንወጣ ከስቶሩ በር ነጭ ጭስ ይንከባለላል። ዐይኔ ወዲያው መቃጠል ጀመረ። ሙሉጌጥ ከቢሮው ደረጃ ላይ አየችው፤ ሬድዋን በአራት እግሩ ከጭሱ ሲወጣም አየችው። ሮጣ በብብቱ ይዛ ጎተተችው። ፌበንም ከሌላው ወገን ደርሳ ነበር። ሁለቱ አንስተው ከሻወሩ ሥር አስቀመጡት፤ ፌበን ሸሚዙንና ሱሪውን በመቀስ ቆርጣ አወለቀችና ውኃውን ለቀቀችበት። «ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንዳታወጡት» አለችና እሳት አደጋ እንዲጠሩ ለአቶ ሰርፀ ጮኻ ማስክ ልትለብስ፣ ሠራተኛውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ልታወጣ ሄደች።

ሁለቱ ጥበቃዎች በዚህ መሐል የእሳት ማጥፊያውን የውኃ ጎማ እየጎተቱ ወደ ስቶሩ ይሮጡ ነበር። ጭስ ያየ ሰው ውኃ ነው የሚያስበው። ሙሉጌጥ ከሻወሩ ሥር እንደራሰች ተነሥታ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ለሬድዋን ነው ውኃው! እዚያ አንድ ጠብታ እንዳትጨምሩ።»

ስትጮህ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጎማውን ከእጃቸው ነጠቀች። ያን ውኃ ቢለቁት ኖሮ ጭሱ ግቢውን ሁሉ እንደሚሞላው፣ የቀሩትንም ጀሪካኖች ከፓሌቱ ሊጥላቸው ይችል እንደነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በኋላ ነግረውናል። እነሱ እንደደረሱ አየር በሲሊንደር ተሸክመው ገቡ፣ የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ ቀበሩት፣ የቀሩትን አወጡ። ከቀትር በፊት ጭሱ ጠራ።

ሬድዋን ከሻወሩ ሲወጣ ክንዱ ቀልቶ ተልጧል፣ ጭኑም እንደዚያው። ሌላው ደህና ይመስል ነበር። ጥቂት አሳለው፣ ውኃ ጠጣ፣ ሳቀ። ክንዱን አስጠቅልሎ ወደ ቤቱ መሄድ ፈለገ። ፌበን እምቢ አለች። የጭሱ መጥፎነት ወዲያው ሳይሆን ዘግይቶ መምጣቱ እንደሆነ፣ ሳንባ ሰዓታት ቆይቶ ውኃ ሊሞላ እንደሚችል፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ሐኪም ዐይን ሥር መሆን እንዳለበት ነገረችው። ሬድዋን ተከራከራት። ሙሉጌጥ ፌበን የምትናገረውን ከጋሼ ከበበ ሰምታው አታውቅም። በዚያች ሰዓት፣ የሰውየው ክንድ ተልጦ እያየች እንኳ፣ «ደግሞ መጽሐፏን ጀመረች» የሚል ሐሳብ በውስጧ አለፈ።

ፌበን የኬሚካሉን የደህንነት ወረቀት ይዛ፣ ሬድዋንን በአቶ ሰርፀ መኪና አስገብታ ሆስፒታል ወሰደችው። አመሻሽ ላይ መተንፈስ አቃተው። ከንፈሩ ጠቆረ። ሐኪሞቹ ወረቀቱን አንብበው ስለነበር የሚጠብቁትን ያውቁ ነበር፤ ኦክስጅን አጠገቡ ነበር። ቤቱ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለሚስቱ ማንም አልነገራት፤ ሴትየዋ ግን ከሐኪሞቹ ፊት ተረድታዋለች።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጋሼ ከበበ ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ሙሉጌጥን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አገኟትና አጠገቧ ተቀመጡ። ሬድዋን ሌሊቱን እንደተሻለው ነገረቻቸው።

«ልጅቷን በየሳምንቱ እነግራት ነበር» አሉ። «መጽሐፉን እኔ አሳይሻለሁ፣ ቤቱን ግን ሙሉጌጥን ጠይቂ እያልኩ። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምታውቀው ብያታለሁ። አልጠየቀችሽም?»

«ጠይቃኛለች፣ ጋሼ።»

ጋሼ ከበበ አዩዋት። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገቡ። ሙሉጌጥ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር። በዚያ የመስታወት ክፍል ውስጥ ስሟ ሲነሣ እንደነበር፣ ያውም እሷ በምትመኘው ሁኔታ ሲነሣ እንደነበር አሁን አወቀች። በሩ ሲዘጋ እሷ የሰማችው ሌላ ነበር።

ፌበን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ የአደጋውን ሪፖርት ትጽፍ ነበር። ዐይኗ አብጧል። ሙሉጌጥ አጠገቧ ቆማ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። ልጅቷ የጻፈችው ግልጽ ነበር፦ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉጌጥ እንደነገረችኝ፣ ያን ስታነብ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አላት። ልጅቷ በራሷ እጅ ራሷን ከሥራ ልታስወጣ ነበር፣ ሙሉጌጥ ደግሞ ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ እስከዚያ ቀን እንዳደረገችው ዝም ማለት ብቻ ነው። ደስታው ከየት እንደመጣ ባወቀች ጊዜ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«ውኃ እንደሚያስገባ አውቅ ነበር» አለቻት። «ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር። ትናንት ጠዋትም ውኃውን አይቼ አንቺን ትቼ አቶ ሰርፀ ጋ ነው የሄድኩት።»

ፌበን ቀና ብላ አየቻት። ወዲያው አልገባትም።

«ለምን?»

«ቀንቼብሽ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ይተላለፋል። ፌበን እስኪርቢቶዋን ዘጋች። ከዚያ ቀን በፊት ሁልጊዜ እርስዎ ትላት ነበር፤ ያን ጊዜ አላለቻትም።

«እኔ ላይ ቅኚ። ምንም አይደለም። ሬድዋን ምን አደረገሽ?»

ሙሉጌጥ ወረቀቱን ተቀብላ ከፌበን ጽሑፍ በታች የራሷን በእጇ ጻፈችና ፈረመች። ፌበን አላባበለቻትም፣ ተነሥታም አላቀፈቻትም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አቶ ሰርፀ ሙሉጌጥን ከስቶር አንስተው ወደ ማሸጊያ፣ እኔ ወዳለሁበት ላኳት። ፌበንም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ግንባታውን ሳታስመረምር ቦታ በመምረጧ። ስለ ሙሉጌጥ አልተማለደችም። ሙሉጌጥም እንድትማለድላት አልጠበቀችም።

ሬድዋን ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። ሙሉጌጥ ጉርድ ሾላ ቤቱ ድረስ ሄዳ ራሷ ነገረችው። ሌላ ሰው ቢነግረው አይሻልም ነበር ወይ ብዬ ጠይቄአት ነበር፤ ከሌላ ሰው ከሰማው ግን ደግማ ዐይኑን ማየት እንደማትችል ታውቅ ነበር። ሚስቱ ሰምታ ከክፍሉ ወጣች፤ እስከ ዛሬም ሰላምታዋን አትቀበላትም። ሬድዋን የተጠቀለለ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ከዚያ እሱም ያለ ማስክ መግባቱን፣ ያ ስብሰባ ላይ የተባለውን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆኑን ተናገረ። ይቅር ብያለሁ አላለም። ሻይ ግን አስቀረበላት። ወደ ሥራ ሲመለስ ሸክሙ ቀርቶለት በር ላይ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ከዋናው መንገድ ወደ ፋብሪካው ያለችውን አቀበት ሲወጣ አሁንም ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ሙሉጌጥ ከሰርቪሱ መስኮት ባየችው ቁጥር ዐይኗን ከእሱ ላይ ታነሣለች።

አደጋው ከደረሰ ወደ ስድስት ወር ገደማ ሲሆን ፌበን ማሸጊያ ክፍል መጣች። እጇ ላይ ለሠራተኛው በአማርኛ ያዘጋጀችው የጥንቃቄ ወረቀት ነበር። በየግድግዳው ልትለጥፈው ነው። ከሙሉጌጥ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ይህን ጫኝ አውራጆቹ ያነቡታል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሙሉጌጥ አነበበችው። «የመተንፈሻ አካላት መቆጣት ዘግይቶ ሊከሰት ይችላል» ይላል። እስኪርቢቶ ተቀበለችና ሰረዘችው። በምትኩ፣ ጭሱን ከሳብክ ደህና ነኝ ብለህ ቤትህ እንዳትሄድ፣ እስከ ሁለት ቀን ድረስ ሊያፍንህ ይችላል፣ ሆስፒታል ሁን ብላ ጻፈች። ስለ ጓንቱም፣ ስለ አሸዋውም፣ ውኃ ለሰው እንጂ ለፈሰሰው እንደማይሆን እንዲሁ አስተካከለች። ፌበን አንገቷን እየነቀነቀች ተከተለቻት። አንድ ቦታ ላይ ተከራከሩ፤ ፌበን ትክክል ነበረች፣ ሙሉጌጥም ተቀበለች። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው።

በሳምንቱ ወረቀቱ ታትሞ ተለጠፈ። ከግርጌው «አዘጋጅ፦ ፌበን» ከነአባት ስሟ ይላል፤ ሌላ ስም የለበትም። ሙሉጌጥ ምሳ ሰዓት ላይ አየችው። ማታ ሰርቪስ ላይ ከላምበረት እስከ ሲግናል፣ ሻወሩ በተተከለ ዕለት እንዳደረገችው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተጓዘች። ልንወርድ ስንል ያቺ የድሮዋ ቅናት እንደገና እንደያዘቻት ነገረችኝ።

በማግስቱ ከሰርቪስ እንደወረድን ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ መስታወቱ ቢሮ ሄደች። ከበሩ ሆና፣ ወረቀቱ ላይ የእሷም ስም መኖር እንዳለበት ተናገረች። ፌበን ቀልታ፣ ረስታው እንደሆነ ተናገረችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፌበን የሙሉጌጥን ስም ከነአባቷ በትክክል እስክትጽፍ ድረስ ሙሉጌጥ ከጀርባዋ ቆማ አየች፤ አንድ ፊደልም አረመቻት።